ከ«ካት» በኋላ

ሙሽራዋ መጋረጃውን ገልጣ፣ ሞቷል የተባለው የድሮ እጮኛዋ ፊት ለፊቷ ቆሞ ስታይ፣ የፊልም አቀናባሪዋ ምስሉን ማያው ላይ አቆመችው። ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ከፈተችው።

ፊልሙ የተሠራበትን ልብወለድ ያላነበበ የለም ማለት ይቻላል፤ ወንድሙ ለባሕር ወንበዴዎች የሸጠው መርከበኛ ከዓመታት በኋላ በቀሉን ሊወጣ ይመለሳል። የፊልሙ አዘጋጅ ባሏ ነው። ከሰዓት በኋላ ፕሮዲውሰሩ ይህን ትዕይንት ሊያይ ስለሚመጣ፣ ከሁለት ቀረጻዎች አንዱን መምረጥ አለባት። በአንደኛው ሙሽራዋን የምትጫወተው ልጅ ደህና አድርጋ ትተውናለች። በሌላኛው ግን ትወና የሚባል ነገር የለም፤ ዓይኗ በፍቅር ይቀልጣል።

ታዲያ ይህ በተቀረጸበት ቀን መርከበኛውን የሚጫወተው ተዋናይ የራሱን ድርሻ ጨርሶ ሄዶ ነበር። ልጅቷ ለብቻዋ ስትቀረጽ የምታየው ሰው ስላስፈለጋት፣ ከካሜራው ጎን ቆሞ መርከበኛውን የተካው ባሏ ነው። «የማንኛውም አዘጋጅ ሥራ ነው፤ ምን ነካኝ?» ብላ ራሷን ተቆጣች። ግን ቀረጻው እንዲቆም «ካት!» ከተባለም በኋላ ካሜራው ወዲያው አልጠፋም። የልጅቷ ዓይን ካረፈበት ንቅንቅ አላለም። ቆይታ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳቀች።

ድካም ነው፣ የሥራ ጭንቀት ነው እያለች ስሜቷን ልትሸነግለው ሞክራ ነበር። ቅናት ነው፤ ያውም የሚያንገበግብ ቅናት። ደካማውን ቀረጻ አስገብታ ልጅቷን ተራ ተዋናይ ማድረግ በእጇ ነው። ማንም አይነቃባትም፤ ፊልሙ ግን አብሮ ይሞታል።

ባሏ ገባ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የቱን መረጥሽ፣ የኔ እመቤት?»

«አንተው ምረጥ። አይተሃቸዋል?»

«የት ጊዜ አግኝቼ! ከቀረጽናቸው ወዲህ ዞር ብዬም አላየኋቸው።»

አንደኛውን አሳየችው። አገጩን እያሻሸ «አይከፋም» አለ። ሁለተኛውን ከፍታ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። እያንዳንዷን ቅጽበት በቃሏ ስለምታውቅ ማያውን ትታ ፊቱን ታይ ጀመር።

መጋረጃው ተገለጠ። ከድምፅ ማጉያው የባሏ ድምፅ «ካት!» አለ። አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ራሱ ግን «በቃ፣ አቁሚው» አላላትም።

ልጅቷ ገና አልሳቀችም። እሱ ግን ሳቋ እንደሚመጣ አውቆ ቀድሞ ፈገግ አለ።