በግራ እጅ የተቆረጡ ኮከቦች

በዚያ ቤት የገና በዓል መድረሱ የሚታወቀው በመቀስ ድምፅ ነበር። ሌላው ሰው በዓል ደረሰ ብሎ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት፣ ልብስ ሰፊው አባት ዓመቱን ሙሉ ከጠረጴዛቸው ሥር ያጠራቀሙትን የጨርቅ ቁርጥራጭ ከነከረጢቱ ጎትተው ያወጡና እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ከኮት ትርፍራፊ ኮከብ፣ ከገበር ወፍ፣ ጓደኛው ከጠፋበት የልብስ ቁልፍ ሁሉ ደግሞ በር ላይ የሚንጠለጠል አክሊል ይወጣል። ስጦታውም ከዚያው ከረጢት ነው፤ ለአማት የመነጽር ማኅደር፣ ለጎረቤት የድስት መያዣ፣ ለልጆች ዓይኗ በክር የተሠራ አሻንጉሊት። «ገዝቶ መስቀልማ ማን ያቅተዋል?» ይላሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ሠፈሩ «ጋሽ ሚሊሜትር» የሚላቸው ያለ ነገር አልነበረም። አንዱ የኮከብ ጫፍ ከሌላው ትንሽ አጥሮ ከተገኘ፣ ኮከቡ ያለ ይግባኝ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል።

ልጃቸው ግራኝ ትባላለች። የክርስትና ስም አጥታ አይደለም፤ በልጅነቷ ማንኪያውንም እርሳሱንም በግራዋ ስለምትይዝ ቤተሰቡ ያወጣላት ቅጽል ነው። ይኸው አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ነርስ ሆና፣ ሽበት ጣል ጣል ብሎባት እንኳ አልለቀቃትም። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ አባቷ የገና ሰሞን ትልቁን የጨርቅ መቀስ አስጨብጠዋት ኮከብ ቁረጪ ብለዋት ነበር። መቀሱ ጨርቁን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። አባቷ መቀሱን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ለመቀስ አልተፈጠረም» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ እሳቸው ግን አዘኑላት። ከዚያ ወዲህ የገና ሥራዋ እሳቸው የቆረጡትን ኮከብ በብጥስጣሽ ጨርቅ መሙላት ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞላች።

ከስምንት ወር በፊት ደም ግፊት አባቷን ከጠረጴዛቸው አጠገብ ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ አንደበታቸውም ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ዝሎ ቀረ። አንድ ቀን ሰው በሌለበት መቀሱን በግራቸው አንስተው ሞክረው ኖሯል። እናቷ ከገበያ ሲመለሱ ወለሉ በታኘከ ጨርቅ ተሞልቶ፣ ጋሽ ሚሊሜትር ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠው አገኟቸው። በማግስቱ አባቷ ሌላ ከተማ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ወደሚሠራው ታላቅ ልጃቸው አስደወሉ። «ለዋዜማው ስትመጣ መቀሱን ውሰደው፤ እኔ ጨርሻለሁ» አሉት። ከዚያ በኋላ ጺማቸውን መላጨት ተዉ። ሐኪሙ ግራ እጅዎ ጤነኛ ነው፣ ይሥሩበት ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ግራኝን ያስደነገጣት ግን አንዲት ቃል ናት። በበዓሉ ሳምንት እናቷ ፈራ ተባ እያሉ «ዘንድሮ ለቤቱ ማስጌጫ ከሱቅ ትንሽ ነገር ብገዛስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አባቷ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «ግዢ» አሉ። ግራኝ በሥራዋ ብዙ የደከመ ሰው አይታለች፤ ሰው ሕመሙን ሲታገልና እጁን ሲሰጥ ለይታ ታውቃለች። መቀሱ በዋዜማው ከዚህ ቤት ከወጣ፣ አባቷ ከዚያ ወንበር ዳግመኛ እንደማይነሱ ገባት።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ፈረቃዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ መጣች። እናቷ ወጥ ቤት ጉድ ጉድ ይላሉ። አባቷ መኝታ ቤት ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። እሷ ድምፅ ሳታሰማ መንገድ ዳር ወዳለችው የሥራ ክፍላቸው ገባች። ሁሉም ነገር እንዳለ ነው፤ ካውያው፣ ጠመኔው፣ በሚስማር የተንጠለጠለው ሜትር፣ ክዳኑ የተደፋበት የስፌት መኪና። መቀሱ ለመንገድ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈታችው።

አባቷ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ግራኝ በምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ቁስል በሚታሸግበት ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ ፋሻ ስትቆርጥ ኖራለች፣ ያውም ማንም በሚቆርጥበት ተራ መቀስ። መጀመሪያ ሰሞን ፋሻው እየታኘከ አስለቅሷት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ጣቶቿ ራሳቸው መላ አበጁለት። ይህን ለአባቷ ነግራቸው አታውቅም። ምን ብላ ትንገር? ፍርዱን የሰጡት እኮ ጋሽ ሚሊሜትር ናቸው።

እንግዲህ የኮከቡን ልክ ላውጣ ብላ ቡናማ ወረቀት ዘረጋች፣ በእርሳስ ሣለች፣ ትልቁን መቀስ በግራዋ አነሳችና ወረቀቱን መቁረጥ ጀመረች። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሕፃን እንኳ የማይሠራውን ጥፋት ሠራች! የጨርቅ መቀስ ወረቀት ከነካ ስለቱ ይሞታል። ለወረቀት የሚሆን ሌላ ዝገታም መቀስ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ከጭንቀቷ የተነሳ ረሳችው። እናቷ እስከ ዛሬ «ሆን ብላ ነው» ይላሉ፤ እሷ ትምላለች።

ወረቀቱ ቅርጭ፣ ቅርጭ ሲል ከመኝታ ቤት ወንበር ተንቋቋ።

«ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ተከተለ። «ማነው በመቀሴ ወረቀት የሚቆርጠው!»

እናቷ ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ። ስምንት ወር ሙሉ ከሹክሹክታ ያላለፈ ድምፅ ነው። ከዘራው ተንኳኳ፣ አንድ እግር ሲጎተት ተሰማ፣ አባቷም ፊታቸው በርበሬ መስሎ በሩ ላይ ደረሱ።

«አንቺ! ጤና የለሽም? በዚህ መቀስ ወረቀት?»

«ይቅርታ አባባ፣ ረሳሁት።»

«ይሄ ይረሳል? እናትሽን ሳገባ መጀመሪያ የነገርኳት እሱን ነው!»

«እውነቱን ነው» አሉ እናቷ ከኋላ። «የሠርጋችን ዕለት ነው የነገረኝ።»

አባቷ ወረቀቱን ሊጨመድዱት አነሱትና እጃቸው ባለበት ቆመ። ገለበጡት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ጠርዙ ጥርት ብሏል፤ የታኘከ ቦታ የለውም።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

«አባባ፣ በየትኛው ሊሆን ይችላል?»

ሜትሩን ከሚስማሩ አውርደው አንዱን ጫፍ እሷን አስይዘው አምስቱንም ጫፎች ለኩ። «ይህችኛዋ ሁለት ሚሊሜትር ረዝማለች» አሉ ኮስተር ብለው። ግራኝ ሳቋ አመለጣት። በስምንት ወር ውስጥ ከአፋቸው የወጣች የመጀመሪያዋ ሚሊሜትር ናት።

«አትሳቂ። እንዴት አላኘከብሽም?»

«መቀሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው አባባ። ቀኝ እጅ ሲጨብጠው ሁለቱ ስለቶች ይጠጋጋሉ፤ ግራ እጅ ሲጨብጠው ይራራቃሉ፣ ጨርቁ መሐላቸው ይታጠፋል። እርስዎም ያን ቀን የሆኑት ይሄንኑ ነው። እጅዎ ምንም አልሆነም።»

«መቀስ መቀስ ነው!» ቱግ አሉ። «አምሳ ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

«በቀኝዎ ነዋ የያዙት።»

ግራኝ ከከረጢቱ ሰማያዊ የኮት ቁራጭ አወጣች፣ በጠመኔ ኮከብ ሣለችበት፣ የዛለች ቀኝ እጃቸውን አንስታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። «ይቺ ትጫንልዎት፤ ሌላ ሥራ የለባትም።» መቀሱን በግራቸው አስያዘቻቸው። «አሁን አውራ ጣትዎን ወደ መዳፍዎ ይሳቡት። ሌሎቹን ጣቶች ወደ ውጭ ይግፏቸው።»

«ይሄማ ተገላቢጦሽ ነው!»

«ተገላቢጦሽ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንደሱ ነው የኖርኩት።»

የመጀመሪያውን ኮከብ መቀሱ በላው። ሁለተኛውንም በላው። ሦስተኛው ላይ የአባቷ ግንባር በላብ ርሶ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ገፍተው «በቃ! ልጄ ይውሰደው ብያለሁ፣ ይውሰደው!» አሉ።

ያኔ ከግራኝ አፍ ክሊኒክ ውስጥ እንጂ እዚያ ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ። «አይተዉም። ያንሱት። አውራ ጣት ወደ መዳፍ!» ከዚያ በፊት አባቷን አዛ አታውቅም። እናቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ሚሊሜትር ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፣ መቀሱን አነሱ።

ቅርጭ አለ።

«ቆረጠ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ደግመው ጨበጡ። ቅርጭ። «ቆረጠ እኮ! አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እዪ፣ ቆረጠ!» ሚስታቸው ከጎናቸው ቆመው እንደነበር እንኳ አላስተዋሉም። ኮከቡ ሲያልቅ አንድ ጫፉ ተንሻፏል፣ ሌላው ደንዟል፤ በደጉ ጊዜ ቢሆን ከረጢቱም አይቀበለውም ነበር። አባቷ በመዳፋቸው ይዘውት አለቀሱ፤ ግራኝም አለቀሰች፤ እናቷ ብቻ «ወጤ አረረ!» ብለው እየሳቁ ሮጡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እናቷ የስፌት መኪናውን ክዳን አንስተው ተቀመጡ። አባቷ እየቆረጡ፣ ግራኝ በሌላ ትንሽ የጨርቅ መቀስ እየተከተለቻቸው፣ «በስለቱ ላይ አሻግረሽ የጠመኔውን መስመር እዪ» «እርስዎ ይዩ» እየተባባሉ፣ ከሰዓት በኋላ የገበር ወፎች መጋረጃው ላይ ሰፍረው፣ ኮከቦች ከበር እስከ በር በክር ተሰድረው፣ ስድስት የድስት መያዣና ሦስት የመነጽር ማኅደር ለስጦታ ተደርድረው ነበር። አባቷ መሐል ላይ መስታወት አስመጡና ጺማቸውን እያሻሹ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አሉ። ተላጩ፣ ያውም በግራቸው። ጉንጫቸውን ሁለት ቦታ ቢቆርጡትም ግድ አልሰጣቸውም።

ታላቅ ወንድሟ ሲደርስ በአንድ እጁ ከሱቅ የገዛውን የሚብለጨለጭ ማስጌጫ፣ በሌላው ለመቀሱ ያሠራለትን የእንጨት ሣጥን ይዟል። ደፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሣጥኑን የት እንደሚያስቀምጠው እንኳ ጠፋው።

«አባባ፣ እንደነገሩኝ መቀሱን ልወስድ ነበር...»

«ሥራ ላይ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ማለት?»

«ማለትማ፣ ከበዓሉ ማግስት ይህች በር ትከፈታለች። እኔ እቆርጣለሁ፣ እናትህ ትሰፋለች።»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናቷ፣ ፊታቸው እየበራ።

ወንድሟ የአባቱን ግራ እጅ አየ፣ የተደረደሩትን ኮከቦች አየ። «ማን አስተማረዎት?» አለ።

አባቷ መቀሱን አስቀመጡ። ወደ ወንድሟ ሳይሆን ወደ ግራኝ ዞሩ።

«እሷ ናት» አሉ። «በአሥራ አምስት ዓመቷ መቀሱን ከእጇ የነጠቅኳት ልጅ። አምሳ ዓመት መቀስ ይዤ መቀሱን አላወቅኩትም ነበር፤ አላዋቂነቴን በሷ እጅ አሳበብኩ። ጥፋቱ የእጅሽ አልነበረም ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ግራኝ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት «ኧረ ምንም አይደል» ማለት ልማዷ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። ምንም አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሠላሳ ዓመት ነበር።

«አልነበረም፣ አባባ» አለች ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «የእጄ ጥፋት አልነበረም።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከከረጢቱ የመጨረሻዋን ቀይ የካፖርት ቁራጭ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ መቀሱንም እጀታውን ወደሷ አዙረው ሰጧት።

«የበሩን ትልቅ ኮከብ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምቆርጠው» አሉ። «ዘንድሮ ያንቺ ነው።»

ግራኝ መቀሱን በግራዋ ተቀበለች፣ ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችና መቁረጥ ጀመረች።