ሀስና ጅዳ እስክትገባ

…ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ይሏታል፣ ይሄም መንገድ ተብሎ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል እንኳን ባሕር ሊሻገሩ ከቆቦ የተነሳ አውቶቡስ ደሴን አያይ፣ ጎብዬ ላይ ሰው ሲጭን፣ ወልዲያ ላይ ሹፌሩ ሲበላ ያልቃል፣ ኡሙሃኒ ደጃፏ ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ለለምለም በሆዷ ትመልሳለች። ለምለም እንደሁ አትተዋትም፣ አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ እኮ ጋጣ መሰለ፣ ልጅቷ ትናንት በአውቶቡስ ሄደች፣ ዛሬ በረረች፣ ይኼኔ ጅዳ ናት፣ ጥረጊው! ጥረጊው። መንገደኛ ሳይገባ ቤት እንደማይጠረግ አታውቅ ይመስል፣ ልጇ ሰመረ መቀሌ ለትምህርት የሄደ ጊዜ ጉድፍ ለብሶ የሰነበተው የማን ደጅ ነበር፣ የእኔ?

ከማሉዲን ነው ጉዱን ያመጣው፣ አስተማሪው የወንድሟ ልጅ፣ ካርታው ላይ ማስመሪያ ጋድሞ፣ አክስቴ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ ሽቅብ ወደ ሰሜን ነው፣ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በላስታ ተራራ በላይ ያልፋል። ሀስናዬ። ቀኑን ሙሉ እያስመለሳት ወደ ደቡብ የወረደችው ለካ ተመልሳ በናቷ አናት ላይ ልታልፍ ኖሯል፣ ታዲያ እዚሁ አቁመው አያሳፍሯትም! ቅድም ከላስታ በላይ ነጭ መስመር ታየ፣ ሻሿን አውልቃ አውለበለበች፣ የማን አውሮፕላን እንደሆነ አላህ ይወቀው።

በኡሙሃኒ አባት በአራጌ ጊዜ መንገድ መንገድ ነበር። ግመሎቹን ማሽላ ጭኖ፣ ዞብልን ተሻግሮ አፋር ይወርዳል፣ ጨው ይዞ እስኪመለስ ገለባው፣ አመዱ፣ የዶሮው ኩስ ባለበት፣ እናቷ መደቡ ሥር የቀረችውን የእግሩን ዱካ እየዞረች ታልፋለች፣ አንቺ ልጅ፣ እንዳትረግጫት፣ አባትሽ መንገድ ላይ ነው። ናፍቆት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚልበት ጊዜ ነበረው። ከዚያ አንድ ቀን ከሩቅ የግመል ቃጭል፣ እናቷ እየሳቀች መጥረጊያ ፍለጋ ስትሮጥ፣ አባቷ ሲገባ ወለሉ ውሃ የተረጨ አፈር አፈር ሲሸት።

ስልኩ። እማ፣ ደረስኩ። አልሐምዱሊላህ! የት ነሽ ልጄ፣ ኤርፖርት፣ ብዙ ሴቶች ነን፣ አሠሪዎቹ እየመጡ በስም እየጠሩ ይወስዳሉ፣ እኔን ገና፣ በላሽ ወይ፣ የሰው ስልክ ነው እማ፣ በኛ ላይ ስታልፊ አየሽን፣ መስኮቱ ጋ አልነበርኩም፣ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ለምለም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች፣ እህሳ፣ ገባች?

አውሮፕላኑ ገብቷል፣ እሱ ብረት ነው፣ ያሳረፉት ቦታ ያርፋል። ልጇ ግን ቁጭ ብላ ስሟን የሚጠራ ባዕድ ትጠብቃለች፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ ከዚያ እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ ልቡ ስንት ኪሎ ሜትር ይሁን፣ የከማሉዲን ማስመሪያ አይደርስበትም።

ገና ናት፣ ትላለች ኡሙሃኒ፣ መንገድ ላይ ናት፣ ገለባውን ላለመበተን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውስጥ ትገባለች