የይርገዱ ሕመም በይርገዱ አፍ

የደጎሎው ልጅ ሁዜይፋ ሐኪም ሊሆን አንድ ዓመት ነው የቀረው። ለልምምድ መካነ ሰላም ሆስፒታል ከመጡት ተማሪዎች መሀል ግን በፈተናው ቀን እንደሱ የፈራ አልነበረም። ከወደቀ ጓደኞቹ ያልፋሉ፣ እሱ ዓመቱን ይደግማል።

ፈተናውማ ሲያዩት ቀላል ነው። «ባል ይጠየቃል፣ ባል ይመልሳል፣ መድኃኒቱን ግን ሚስት ትውጣለች!» አለች አስተማሪዋ ዶክተር ሄለን። «ሴትዮዋ ሕመማቸውን በገዛ አፋቸው ይንገሩህ። ባል ከነገረህ ወድቀሃል።»

በሽተኛ ሆነው እንዲጫወቱ ከሰፈር የተጠሩት እትዬ ይርገዱና ባላቸው ጋሽ ካሳ ናቸው። ጋሽ ካሳ ደግሞ ሲያወሩ ስንት ሚኒባስ ያመለጣቸው ሰው!

«እትዬ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ራሷን ነው» አሉ ጋሽ ካሳ።

«እንቅልፍስ ይወስድዎታል፣ እትዬ?»

«እንዴታ! ታንኮራፋለች እኮ!»

ዙሪያውን ቆሞ የሚያየው ተማሪ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁዜይፋን ላብ አጠመቀው፤ ሽማግሌን ዝም በሉ አይባል ነገር! ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ሲንከራተት ቴርሞሜትር አየ።

«ጋሽ ካሳ፣ ትኩሳት ያለብዎት ይመስለኛል። ይቺን ከምላስዎ ሥር ያድርጉልኝ። አፍዎን እንዳይከፍቱ!»

የጋሽ ካሳ ጉንጭ ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ዝም!

እትዬ ይርገዱ ይህን ሲያዩ የተነገራቸውን ጨዋታ ረሱት። «ወላሂ ልጄ፣ ራሴስ ደህና ነው። ግራ ጆሮዬ ነው፤ ከተደፈነ ሁለት ዓመቱ። እሱ በግራዬ ተኝቶ ሲያወራ ያድርና ጠዋት ‹ናቅሽኝ› ይለኛል። መች ሰማሁት!»

«እም! እም!» አሉ ጋሽ ካሳ፤ ቴርሞሜትሩ ከአፋቸው ላይ ተወዛወዘ።

ዶክተር ሄለን የሳቅ እንባዋን ጠረገች። «ሁዜይፋ፣ አታለልካቸው እኮ! ለባል ሁሉ ቴርሞሜትር ከየት ይመጣል? በቃል ንገራቸው።»

ሁዜይፋ ቴርሞሜትሩን ተቀበላቸውና እጅ ነሳ። «ትኩሳት የለብዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእትዬ ጋር ብቻችንን እንድናወራ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን።»



«ለዚች ነው እንዲህ የተጨነቅከው?» አሉ ጋሽ ካሳ፣ ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ እያመሩ። «በል አጥብቀህ እጠበው ያን ጆሮ፤ የሁለት ዓመት ወሬ አለብኝ!»

«አልፈሃል» አለች ዶክተር ሄለን። «አሁን ግን እትዬ የእውነት በሽተኛ ናቸው» ብላ ተማሪውን ሁሉ አስከትላ ወጣች።

ሁዜይፋ ወንበሩን ወደ እትዬ ይርገዱ ቀኝ ሳበ። «እሺ እትዬ፣ ይንገሩኝ።»

«ተመቻችተህ ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ከጆሮው እንጀምራለን።»