ድርቀት ሲባል የሆድ ብቻ ይመስላቸዋል

ልብስ ሰፊዋ ፓፓያ ማየት አስጠልቷታል። ድሮ ከፓፓያ ጋር ምንም ጠብ አልነበራትም። አሁን ግን ባሏ በፌስታል አንጠልጥሎ ሲገባ ስታይ ተቀብላ በመስኮት ብትወረውረው ደስ ይላታል።

«ብዪ እንጂ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፤ ያለሰልስልሻል» ይላታል ባሏ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ምስኪን፣ ከልቡ ነው የሚለው።

ምኑን ነው የሚያለሰልሰው? ነገሩ እንዲህ ነው። የጡት ካንሰሯ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ኬሞውንም እንደምንም ተወጥታው፣ ፀጉሯ መልሶ ከበቀለ በኋላ፣ በሽታው እንዳይመለስ ተብሎ ሆርሞን የሚያግድ ኪኒን ተሰጣት። በየቀኑ የሚዋጥ፣ ለዓመታት። ትንሽዬ ነጭ ነገር ናት፣ የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ የምታክል። ይቺ ቁልፍ የምታክል ነገር ታዲያ ሰውነቷን አደረቀችው። ከንፈር ቢደርቅ ቅባት አለ። እዚያ ጋ፣ ማለት ሴትነቷ ላይ፣ ሲደርቅስ ምን ይደረጋል? የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ስትረግጥ ይከረክራታል፣ ስትሸና ያንገበግባታል። ከባሏ ጋርማ ተዉት። አንዴ ሞክረው ጥርሷን ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ገና እጁን ዘርጋ ሲያደርግ «ደክሞኛል» ትለዋለች። እሱም ጠልታኛለች ብሎ ደመደመና፣ ወገቤን አሞኛል በሚል ሰበብ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ።

መድኃኒት ቤት ሄዳ ነበር እኮ። ፋርማሲስቱ ወንድ፣ ከኋላዋ ሰልፍ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ድርቀት አስቸግሮኝ ነበር» አለችው።

እሱ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?»

ምን ትበል? የሆድ አይደለም ብትለው፣ «ታዲያ የምን?» ሊላት ነው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ትንሽ ቆየ» ብላ የሆድ ማለስለሻ ሽሮፕ ይዛ ወጣች። ባሏ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አየው። ፓፓያው ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው።

አንድ ጠዋት ኪኒኗን ከማሸጊያዋ አወጣቻት፣ መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻትና ወደ አፏ ሳይሆን ቁልፍ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለቻት። በማግስቱም እንዲሁ። በሽታው ቢመለስ ይመለስ አላለችም፤ እሱን ማሰቡ ራሱ ያስፈራታል። ትንሽ ልረፍ ነው ያለችው ለራሷ። ግን ትንሹ እየረዘመ ሄደ።

የደረሰችባት ታናሽ እህቷ ናት። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፣ ቤተሰቡ «ራዲዮ» ነው የሚላት፣ ወሬዋ አይዘጋም። የሸሚዟ ቁልፍ ተበጥሶ መጥታ ቆርቆሮውን ስትበረብር፣ «እንዴ፣ ይሄኛው ቀዳዳ የለውም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«እህቴ፣ ይሄ ኪኒንሽ አይደለም እንዴ?»

«አስቀምጪው።»

«ምን ሆነሽ ነው የተውሽው?»

«ድርቀት።»

«እና ፓፓያ...»

«ከእንግዲህ ፓፓያ የሚለኝን ሰው በዚህ መቀስ ነው የምወጋው። የሆድ አይደለም፣ የታች ነው። ገባሽ?»

ራዲዮ ሥርጭቷ ተቋረጠ። እስከዛሬ ሆኖ አያውቅም። ኪኒኗን ወደ ቆርቆሮው መለሰችና፣ «ነገ ሐኪምሽ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለች። «እኔ ግን አልናገርልሽም። አፍ አለሽ።»

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ የበኩር ልጇን የሚያህል። ልጅነቱ ነው እኮ ምላሷን የሚያስራት። ደሟን አየ፣ ጠባሳዋን አየ፣ «ሁሉም ደህና ነው፤ ሌላስ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» አላት።

ራዲዮ በክርኗ ጎሸመቻት።

«ከታች በኩል ይደርቀኛል፣ ዶክተር። የሚሰነጣጠቅም ይመስለኛል።»

«እሺ፣ ቆዳ መድረቅ ያጋጥማል። እስቲ ጫማዎን ያውልቁና ተረከዝዎን ልየው።»

ራዲዮ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ታዛዥ ሆና አንድ ጫማዋን አውልቃ ነበር እኮ። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በቃ ሞላባት።

«ተረከዜ ደህና ነው፣ ዶክተር። ሆዴም ደህና ነው። የደረቀው ብልቴ ነው። ስቀመጥ ያመኛል፣ ስሸና ያመኛል፣ ከባሌ ጋር መተኛት አልቻልኩም። ኪኒኑንም ትቼዋለሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጡትሽ እንዴት ነው፣ ጡትሽ እንዴት ነው ስባል ስለዚህ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልክ ነዎት። እኛ ነበርን መጠየቅ የነበረብን።»

ከዚያ ሳያፍር ነገራት። ሆርሞኑ ሲታገድ የብልት ውስጠኛው ክፍል ይሳሳል፣ እርጥበቱም ይቀንሳል፤ ብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል። ሆርሞን የሌለው የብልት ማለስለሻ ጄል አለ፣ ግንኙነት ኖረም አልኖረም በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚደረግ። ለግንኙነት ጊዜ ደግሞ ሌላ፣ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ሽታ ያለው ሳሙና እዚያ አይደርስም። ሆርሞን ያለበትን ክሬም ግን ከሰው ሰምታ እንዳትገዛ፤ ለእሷ ዓይነት ካንሰር እሱን የሚወስነው ሐኪሟ ብቻ ነው። ማቃጠሉም ኢንፌክሽን እንዳይሆን ትመረመራለች።

«ሳምንታት ይፈልጋል» አላት። «ካልተሻልዎት ኪኒኑን መቀየርም ይቻል እንደሆነ እናያለን። በራስዎ ግን አያቋርጡት።»

«ሳምንታት» አለች ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን እያጠለቀች። ዛሬውኑ የሚሆን ነገር ነበር የፈለገችው።

መድኃኒት ቤት ያው ፋርማሲስት ነው። «ማለስለሻ» ስትል፣ «ባለፈው የወሰዱት አልሠራም እንዴ?» አላት።

«የብልት» አለች፣ ሰልፉ እስከ በሩ እንዲሰማ አድርጋ። «የሆዱንማ ጨረስኩት።»

ባሏ ሲመጣ ፌስታሉን አንጠልጥሏል።

«ቁጭ በል» አለችው። «ደክሞኝ አልነበረም። አንተንም አልጠላሁህም። ድርቀት ነው።»

«አውቃለሁ እኮ፣ ለዚህ አይደል...» ብሎ ፌስታሉን ከፍ አደረገ።

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይሳሳት አድርጋ፣ ቃሉን በስሙ ጠርታ፣ ከኪኒኑ እስከ ቆርቆሮው ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ፓፓያ ዝም ብለሽ ስትበዪ ነበር?»

«ምን ላድርግ?»

«ሆድሽስ?»

«ሆዴማ አሁን የሚይዘው ጠፋ። ወገብህስ?»

«ወገቤ ምንም አልሆነም» አለ ቀስ ብሎ። ተነስቶ ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ ብብቱ ውስጥ ወተፈና ውሃ ሊቀዳላት ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ከማሸጊያው አዲስ ኪኒን ፈለቀቀች። አልወደደቻትም፣ ነገም አትወዳትም፣ ገና ስንት ዓመት አብረው ሊኖሩ ነው። ፊቷን አጨማድዳ ዋጠቻት። ፓፓያውን ግን ማንም አልቆረጠውም።