የአባቷ አቋቋም

እና ክርንሽን ዝቅ፣ ዝቅ ብሏታል አባቷ፣ ሰደፉን ትከሻሽ ጉድጓድ ውስጥ አስገቢው፣ ጉንጭሽን እንጨቱ ላይ አስተኚው፣ ቀኝ ዳሌሽን ወደ ውጭ ጣል አድርጊው፣ ጣል ታደርገዋለች፣ ወገቧ ይንቀጠቀጣል፣ አሁንም አልተመቻትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓሮ ውስጥ በባዶ ጠመንጃ ስትለማመድ ያልተመቻት፣ ዛሬ በእውነተኛ ጥይት፣ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ እጁን ኪሱ ከቶ እያያት ይመቻታል እንዴ።

አርባ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከግንዱ ክምር ፊት፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ። ሦስት ጥይት። ሁለቱን ካገኘች የእንጨት መጋዘኑ ጥበቃ እሷ ናት፣ በአባቷ ፈንታ። የአባቷ ዓይን ደክሟል፣ ደብዳቤ ደርሶታል፣ የጤናዎ ሁኔታ ሥራዎን ለመቀጠል የማይፈቅድ በመሆኑ፣ ከቤተሰብዎ ብቃት ያለው ሰው ከቀረበ ቅድሚያ የሚሰጠው መሆኑን፣ ራሷ ናት ያነበበችለት። ከሳተች ሌላ ጥበቃ ይመጣል፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ይመጣል፣ በሩ ጋ ያለው ሁለት ክፍል ቤታቸው የጥበቃ ነው፣ የነሱ አይደለም። እናቷ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ መጋረጃውን በሁለት ጣት ይዛ። ጠዋት ፀጉሯን ጎነጎነችላት፣ አጥብቃ፣ እስኪያማት።

ትተኩሳለች።

የለም። ግንዱ ውስጥ ነው የገባው፣ ቅርፊት ተፈናጠረ፣ ትከሻዋ ተቃጠለ። ቆርቆሮው ዘመድሽ ነው እንዴ፣ ራራሽለት፣ ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ብቻውን ይስቃል። አባቷ አይስቅም። አይዞሽ ልጄ፣ አትቸኩዪ፣ እንዳሳየሁሽ ቁሚ፣ ይልና ጎኗ መጥቶ በባዶ እጁ ያሳያታል፣ ክርኑ ዝቅ፣ ዳሌው ጣል፣ እና ታየዋለች።

ዳሌው። እሷ ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ ግንድ ከመኪና ላይ ተንከባሎ የሰበረው፣ በደንብ ያልገጠመው። ጣል አድርጊው የሚላት እሱ ሌላ መቆሚያ ስለሌለው ነው። አያውቀውም እኮ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚቆም ይመስለዋል፣ ሁለት ሳምንት ማነከስ ስትማር ከረመች፣ እንዴት ይነገራል ይሄ፣ አባዬ ይሄ አቋቋም አይደለም፣ ስብራትህ ነው፣ ማን አባቱን እንዲህ ይላል።  እሷ መቼ ምን ብላ ታውቃለች።

ከምላጩ ስር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ትገፋዋለች፣ ባዶው ቀለህ ዘሎ ይወድቃል፣ ወደ ላይ ትመልሰዋለች፣ ጠመንጃዋ ሁለተኛውን ጥይት ጎረሰች። ዳሌዋን ትሰበስባለች፣ አባቷ እያያት፣ ይቅር በለኝ አባዬ። ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ፊት፣ ጉልበቷን ላላ፣ ጠመንጃዋ አጭር ናት፣ ብዙ መንጠራራት አትፈልግም፣ ክርኗን ጎኗ ላይ ስትለጥፈው፣ እህ፣ እንቅልፍ ላይ ጎን እንደ መቀየር። አፈሙዙ መንቀጥቀጡን ተወ።

ቋ። ቆርቆሮው ተገለበጠ።

እንደሱ ነው የሚመችሽ፣ ይላል አባቷ ቀስ ብሎ። አዎ አባዬ። እግሯን ያያል፣ የራሱን እግር ያያል። በይ እንደተመቸሽ።

ሥራ አስኪያጁ ቆርቆሮውን ሊያቆም ይሄዳል፣ ምነው መንገዱ በረዘመ። ክረምቱ ሲወጣ ነይ ብላታለች ልብስ ሰፊዋ አክስቷ፣ ሁለተኛዋ የስፌት መኪና አንቺን ነው የምትጠብቀው፣ ስምንተኛን የጨረሰች ልጅ በር ላይ ተገትራ ምን ትሠራለች። መሳት ይቻላል። ዳሌዋን ጣል ብታደርግ ጥይቱ ራሱ ይስትላታል፣ ማታለልም አይባል፣ ያስተማረኝን ነው ያደረግኩት፣ ከዚያ እናቷ ፍራሽ ስትጠቀልል፣ ከዚያ የት። ሥራ አስኪያጁ ቆርቆሮውን አቁሞ ዞር ይላል፣ ቀለበቱን ገፍታ ትመልሳለች፣ ዳሌዋን ጣል ለማድረግ ትሞክራለች። እምቢ። እግሯ አንዴ ቦታውን አግኝቷል፣ አጥንቷ ተደላድሏል፣ የትም ቤት፣ የትም ወንበር ላይ እንዲህ ተመችቷት አያውቅም፣ ለምን እዚህ፣ ለምን በዚህ፣ ጣቷ ምላጩ ላይ ነው፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ቆይ፣

ቋ።

ሥራ አስኪያጁ አጀንዳውን እያወጣ ይመጣል፣ ጎበዝ፣ ደንብ ልብስ አለሽ፣ ጫማ ይታዘዝልሻል፣ እግርሽ ስንት ቁጥር ነው። እግሯ ሠላሳ ሰባት ነው። ጫማው በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፣ የንጋት ብርድ በሩ ጋ ከሲሚንቶው ተነስቶ ጣት ያደነዝዛል፣ ሁለት ካልሲ ይፈልጋል።

ሠላሳ ስምንት፣ ትላለች።