ሲስተም የለም

ስዩም እንግሊዝኛን የተማረው ከሰው ስልክ ነው። በስደት በሚኖርበት ሰፈር በሮዘተንቪል፣ በፀጉር ቤትና በዶሮ መጥበሻ መሃል በተሰነቀረች ኮንቴይነር ተቀምጦ የተሰነጠቀ ስክሪን ሲቀይር፣ ደንበኞቹ ቆመው ሲያወሩ እጁ እንጂ ጆሮው ሥራ አይበዛበትም ነበር። በዚህ መልኩ ብዙ ቃል ለቀመ። ከለቀማቸው ሁሉ አስበልጦ የወደደው ግን አንዱን ነው፤ ሲስተም።

እንዴት አይወደው? የስደተኛ ወረቀት በሚታደስበት ቢሮ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ፣ ሌሊቱን ብርድ ሲጠጣ ያደረውን ሰልፍ በዚህ ቃል ትበትነዋለች። ሲስተም የለም፣ አለቀ፣ ሰዉም ደህና ዋይ ብሏት ይሄዳል። ክሊኒክ ስትሄድ ደግሞ የታመመው ሰውዬው ሳይሆን የሰውነቱ ሲስተም ነው፤ ዝንጅብሉም ነጭ ሽንኩርቱም የሚታዘዘው ለሲስተሙ ነው። የታክሲው ሹፌር ፍሬኑ ባይዝም እንቅልፍ አያጣም፣ ሲስተሙ ግን፣ ማለትም ከወንበሩ ስር የቀበረው ድምፅ ማጉያ፣ መስኮት ካላረገፈ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ቧንቧ ሠሪው ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ አፍንጫውን ይዞ ሲስተሙ ነው ይላል። የሰፈሩ ኳስ አሰልጣኝ ባዶ ለአምስት ሲሸነፍ ልጆቹ ሲስተሙን አልተረዱትም። ሰባኪውም የዚህን ዓለም ሲስተም አውግዞ ሲያበቃ፣ የማይክራፎኑ ሲስተም እየጮኸበት መሆኑን በምልክት ይናገራል።

ስዩም ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ገባው። ቃሉ በየሙያው የሚገባበት ቦታ ይለያያል እንጂ ጥቅሙ አንድ ነው። ሲስተም ከተባለ ጥፋተኛ የለም። እና እሱም ስልኩን ሲነካካ ላበላሸበት ደንበኛ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ሲስተሙ ነው ወንድሜ» ማለት ጀመረ። ደንበኛው አመስግኖት ይሄዳል።

የኮሮናው ሎክዳውን ደረጃ አምስት በታወጀ በሦስተኛው ሳምንት፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ከደብረ ብርሃን ተደወለለት። ደዋዩ ዓምደሚካኤል ነው፤ የእልፍነሽ ወንድም። እልፍነሽ ከስዩም ጋር አንድ ግቢ የምትኖር፣ ድሮ አልጋ ልብስ በየቤቱ እያዞረች የምትሸጥ፣ መንገዱ ሲዘጋባት ደግሞ የመጋረጃ ጨርቅ እየቀደደች ማስክ የምትሰፋ ሴት ናት።

«አባባ አረፉ» አለው ዓምደሚካኤል። «ልባቸው ነው፤ የቆየው ነገር። ስዩም፣ አደራ። ብቻዋን እንዳትሰማ። በስልክ እንዳትሰማ። ሽማግሌ ይዛችሁ፣ በጠዋት፣ በወጉ አርዷት።»

«አደራህን ተቀብያለሁ» አለ ስዩም። ስልኩን ሲዘጋ ነው አገሩ በሙሉ ተዘግቶ፣ ሽማግሌ ከደጁ እንዳይወጣ ወታደር መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ትዝ ያለው።

አደራው ቀላል አልነበረም። ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የአገራቸው ልጅ ጣሃ የእናቱን ሞት ያወቀው ከፌስቡክ ነው። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ፣ የእናቱን ፎቶ የኀዘን መልእክት ተጽፎበት አገኘው። ውጭ የቆሙት ደንበኞች ዳቦ፣ ዳቦ እያሉ ሲጠሩት አልሰማም፤ ሲነጋ ጎረቤቶቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ስልኩን እንደያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሃ ስልክ ሲጠራ ይደነግጣል። ስዩም ያንን ስልክ ራሱ ነው የጠገነው። እልፍነሽ እንደዚያ እንዳትሆን ምን ይደረግ?

ስዩም የሚያውቀውን አደረገ። «ስልክሽን አምጪማ፣ ቫይረስ የገባበት ይመስለኛል» አላት።

«ስልኩም በኮሮና ተያዘ?»

«ላጽዳልሽ።»

አጸዳላት። ኢሞውን፣ ዋትስአፑን፣ ፌስቡኩን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ወደ ውጭ አገር እንዳይደውል፣ ከዚያም እንዳይደወልበት አድርጎ መለሰላት። ከዚያ ለግቢው ሰው ምስጢሩን ነገረ። ራሕማና ፀገነት ናቸው ሌሎቹ ተከራዮች። ሁለቱም ቆመው አለቀሱ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ሁለቱም ስልካቸውን ደበቁ።

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው የሚኖሩ ሦስት ሰዎች በሩን አንኳኩተው ለምን አይነግሯትም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ግቢው ውስጥም ተነስቷል። ራሕማ የሃይማኖት አባት ያስፈልጋል አለች። ፀገነት እኔ እንባዬ ቅርብ ነው፣ አላስችለኝም አለች። ስዩም ደግሞ ሽማግሌ በሌለበት መርዶ ምን የሚሉት መርዶ ነው፣ እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ አለ። ሦስቱም አፍ ነበራቸው፤ ያንን ቃል ሊናገር የፈቀደ አፍ ግን አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ወግ ተከበረ።

ሽማግሌው ዶክተር ገብረሥላሴ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፣ እድሩን ይመራሉ፣ ከከተማው ማዶ ሜልቪል ነው የሚኖሩት። ስዩም ደወለላቸው።

«ስዩም፣ ይህ እኮ ሲስተማዊ ችግር ነው» አሉ ዶክተሩ። «መርዶ የማኅበረሰብ ተግባር ነው። ማኅበረሰቡ ሲዘጋ መርዶውም ይዘጋል።»

«ልክ ነው ዶክተር። ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በዙም ብንሰበሰብስ?»

ካትሌሆንግ ሱቅ ያለው ሀቢሶ መስመሩ ላይ ነበር። ሀቢሶ ለእልፍነሽ እንደ ታላቅ ወንድም ነው። «ኤይ፣ ዶክተር!» አለ። «መርዶ በዙም? ስታለቅስ ማይክሽን ዝጊ ልንላት ነው?»

«እንግዲያው እንጠብቅ» አሉ ዶክተሩ።

ጠበቁ።

እልፍነሽ ግን የምትጠብቅ ሰው አልነበረችም። ማለዳ ማለዳ የስዩምን በር ታንኳኳለች።

«ስዩሜ፣ ዛሬስ?»

«ሲስተም የለም።»

«ትናንትም የለም፣ ከትናንት ወዲያም የለም። የት ነው የሚዞረው? ሎክዳውኑ እሱን አይመለከተውም?»

«የነሱ ነው እልፍዬ፤ የአገር ቤት ሲስተም ነው።»

ራሕማ ጋ ትሄዳለች፤ የራሕማ የአየር ሰዓት ሲስተም አልሞላ ብሏል። ፀገነት ጋ ትሄዳለች፤ የፀገነት ባትሪ ሲስተሙ አርጅቷል። ሀቢሶ ጋ ስትደውል የካትሌሆንግ የኔትወርክ ማማ ሲስተሙ ተቃጥሏል። ዶክተር ገብረሥላሴም ሲጠየቁ፣ ከባሕር ስር ስላለ ገመድ ግማሽ ሰዓት አስረዷት። ሲጨርሱ እልፍነሽ ስለ ገመዱ አዘነች።

«ይሄን ሲስተም የምትሉትን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው» አለች ለስዩም፣ «በጥፊ ነው የማጮለው።»

ስዩም ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ክፍሉ ገባ።

ፋሲካ መጣ። የግቢው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ቀረበ፤ ራሕማ ሥጋውን ባትነካም ለስላሳ ይዛ መጣች። መንግሥት መጠጥ ከልክሎ ስለነበር በብርቱካን ለስላሳ ነው የተመራረቁት። እልፍነሽ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳች። ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት ወር ያልተሠራ ፀጉሯን ራሷ ሹሩባ ተሠርታ ነበር።

«ለአባባ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች። «መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ዓይናቸውን እንዳይ ያብቃኝ። አሜን በሉ እንጂ!»

«አሜን» አለ ስዩም።

«አሜን» አለች ፀገነት፣ ወደ ጓዳ እየሮጠች፤ ሽንኩርቱ አቃጠላት ተባለ። ራሕማም አሜን ብላ የለስላሳውን ጠርሙስ ክዳን ለረጅም ጊዜ ከፈተችው፤ ቀድሞ የተከፈተ ጠርሙስ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ መንግሥት ደረጃውን ወደ አራት አወረደ። አዋጁ ሰው መሰብሰብ ዛሬም ክልክል ነው፣ ነገር ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማስክ አድርጎ፣ ብቻ ብቻውን፣ ለጤናው መሮጥ ይችላል አለ። ስዩም ይህን ሲሰማ ወዲያው ደወለ።

«ዶክተር፣ ስፖርት ልብስ አለዎት?»

«ለምን ፈለግከው?»

«ለመርዶ።»

ዶክተሩ አሰቡ። «ጉልበቴ እኮ...» አሉ። ከዚያ «ነጠላውስ?» አሉ።

«ጀርባ ቦርሳ ውስጥ።»

በግንቦት መጀመሪያ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አንድ ማለዳ፣ በሮዘተንቪል መንገዶች ላይ በሕይወታቸው ሮጠው የማያውቁ ኢትዮጵያውያን ሲሮጡ ታዩ። ዶክተር ገብረሥላሴ መኪናቸውን ሁለት መንገድ ወዲያ ደብቀው፣ የልጃቸውን ቱታ ታጥቀው፣ ፖሊስ ሲያልፍ እጃቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ መጡ። ሀቢሶ በሱቁ ፈቃድ ሽንኩርት የጫነች መኪናውን እየነዳ መጥቶ፣ ጥግ ላይ አቁሞ የቀረውን ሮጠ። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት በአገሬው ሰላምታ «ሳውቦና» ብላ ስታበረታታው፣ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ትዝ ብሎት ማስኩ ውስጥ አለቀሰ። የእድሩ ሰዎችም ተራ በተራ፣ እርስ በርሳቸው ተራርቀው፣ እያለከለኩ ገቡ።

ግቢው መሃል ቆሙ። ጨለማው ገና አልለቀቀም። ዶክተሩ በእጃቸው እያመላከቱ ሰዉን ሁለት ሁለት ሜትር አራራቁት። ሁሉም ማስክ አድርጓል፤ ማስኩም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ እልፍነሽ ከመጋረጃ የሰፋችው ባለ አበባ። ፀገነትና ራሕማ ከየክፍላቸው ወጥተው ተቀላቀሉ። ሀቢሶ ትንፋሹ እስኪመለስ በሩ አይንኳኳ ተባለ፤ እያለከለኩ መርዶ አይነገርምና።

በዚህ መሃል የእልፍነሽ በር ራሱ ተከፈተ።

በሩ ላይ ቆማ ጨለማው ውስጥ የቆመውን ሰው አየች። ዝም ብሎ የቆመ ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጸጥታ፣ ለሷ ትርጉም አላስፈለገውም፤ መርዶ ነው። ተመልሳ ገባች። እልፍነሽ ወዲያው ተመልሳ ወጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የራሷን ባለ አበባ ማስክ አጥልቃ፣ በቀስታ መጥታ ከሰልፉ ኋላ፣ ሁለት ሜትር ጠብቃ ቆመች።

አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ አለች። የማስኩን ስፌት እንጂ ፊቷን አላየችም። «ማንን ነው የምናረዳው?» አለች በሹክሹክታ። «ፀገነትን ነው? ምስኪን፣ ትናንት ማታ እኮ ስትስቅ ነበር።»

ሴትዮዋ ፀገነት ነበረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

እልፍነሽ በትከሻዋ አወቀቻት። «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ ራሕማን ነዋ።» ዞር ስትል ራሕማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እልፍነሽ ግራ ገባት። ከዚያ ስዩምን አየችው፤ ማስኩ እስከ አገጩ ረጥቧል።

ርቀቱን ረስታ ወደሱ ሄደች። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«ያንተ ነው እንዴ ስዩሜ?» አለችው። «አይዞህ። አይዞህ የኔ ወንድም። እናትህ ናቸው?»

ዶክተር ገብረሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለዚህ ሰዓት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ስለ ሕይወት አላፊነት የሚጀምር።

«የኔ አይደለም» አለ ስዩም።

«ታዲያ...»

እልፍነሽ ቀና ብላ በሮቹን አየች። የስዩም በር ክፍት ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ቆሟል። የፀገነት ክፍት ነው። የራሕማም ክፍት ነው። የቀረ በር ፈለገች። አሁን የወጣችበት በር ብርሃኑ እንደበራ፣ የስፌት መኪናዋ ከውስጥ እየታየ፣ ወለል ብሎ ቆሟል።

እጇን ከትከሻው ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ማስክህን አውርድና ንገረኝ» አለችው።

አወረደው። ብርዱ እርጥቡን ፊቱን ጠበሰው።

«አባባ አረፉ፣ እልፍዬ።»

«መቼ?»

ያቺ የሚወዳት ቃል አፉ ጫፍ ላይ መጣች። ስልክ አስቀርታ፣ ሰልፍ በትና፣ ከስንት ጉድ ያወጣችው ቃል። ዋጣት።

«በሰሙነ ሕማማት» አለ። «ሰኞ ዕለት።»

እልፍነሽ አላለቀሰችም ገና። ከአንዱ ባለ አበባ ማስክ ወደ ሌላው፣ አንድ በአንድ፣ አየቻቸው።

«ፋሲካ ዕለት አሜን ብላችኋል» አለች። «ዕድሜ ይስጥልኝ ስል፣ አሜን ብላችኋል።»

ከዚያ ደረቷን መታች። ራሕማ ሁለት ሜትሩን ጥሳ ያዘቻት፣ ፀገነት ተከተለች፣ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፣ የጎረቤት ውሾች ተቀበሉት። ዶክተር ገብረሥላሴ ነጠላቸውን ለማውጣት ከጀርባ ቦርሳቸው ጋር ይታገሉ ነበር፤ ዚፑ እምቢ ብሏቸው።

ስዩም ትናንት ማታ ስልኳን ለመጨረሻ ጊዜ ላጽዳልሽ ብሎ ወስዶ ሁሉንም እንደነበረ መልሶት ነበር። ኪሱ ውስጥ ነው። አውጥቶ አበራው፣ ክፍሏ ገብቶ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ካልተጨረሱት ማስኮች አጠገብ አስቀመጠው። እጁን ሳያነሳ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እልፍዬ ሰማሽ እንዴ? ከደብረ ብርሃን፣ ከደቡብ፣ ከአክስት፣ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ በሳምንታት የተከማቸው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ገባ።

ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲሄድ ስዩም መልሶ ወደ መሃል ገፋው። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መለሰው።