ለኤቴሪ የተነሳ ጽዋ

ጉራምና ሚስቱ ኤቴሪ ሠላሳኛ የጋብቻ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ከጆርጂያ ዋና ከተማ ከትብሊሲ በሚኒባስ ወጡ። ርካሽ ጉዞ ነው፤ ዳቦና አይብ በፌስታል፣ አንድ ሌሊት አዳር፣ በቃ። የካኬቲን ገጠር የወይን ለቀማ ከመንገድ ዳር አይተው ይመለሳሉ። ጉራም ግን ሌላም ሐሳብ ነበረው፤ ድግስ ከሌለ ጽዋ አንስተህ ተናገር የሚል የለም። ሰውየው ይንተባተባል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሚስቱን በሰው ፊት አመስግኗት አያውቅም፤ ይህም ሲያንገበግበው ኖሯል።

በለቀማ ሰሞን ግን መንገደኛን ማን ዝም ብሎ ያሳልፋል!

«እናንተ! እጃችሁ ተሰብሯል እንዴ?» ብለው ሽዮ የሚባሉ አዛውንት ከወይን ማሳቸው ጮኹባቸው። መቀስና ባልዲ አስያዟቸው። ኤቴሪ ከምትቆርጠው የምትበላው እየበዛ፣ ጣቶቿ ተጣብቀው፣ እንደ ልጅ ስትፍለቀለቅ ዋለች።

ለምሳ ለቃሚው ሁሉ ዋርካ በሚያህል ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጉራም ብልጥ ነኝ ብሎ ቢራ ያዘ። በጆርጂያ ልማድ በቢራ ጽዋ የሚነሳው ለጠላት ነዋ! ቢራ የያዘን ሰው ማን ተናገር ይለዋል?

የፈሩት ይደርሳል። ኤቴሪ የሠላሳ ዓመቱን ምስጢር ለሽዮ ነግራቸው ኖሯል።

«ጉራም ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ቀልድ ነው? ለሚስትህ ጽዋ አንሳ!»

ደንግጦ ቢራውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ኧረ ጉድ! በቢራ?»

«ምን በደለችህ፣ አንተ ሰው?»

ማዕዱ በሳቅ ፈረሰ። ኤቴሪም ሳቀች፤ ከዚያ ግን አቀረቀረች። ዛሬም ሊያመልጥ ነው ብላ አስባለች። ጉራም አያት። ቢራውን መሬት ላይ ደፍቶ ወይን አስቀዳ።

ሁሉም ጽዋውን ይዞ ቆመ። ተናጋሪው ሳይጨርስ መጎንጨት ነውር ነው።

«ኤ... ኤ... ኤቴ...»

ቃሉ አልወጣ አለው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተደናቀፈ።

«አባባ ሽዮ፣ እጄ ዛለ» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ዝም በል! ወይኑ በእንስራ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስድስት ወር ይጠብቅህ የለ? አንተ ስድስት ደቂቃ ያቅትሃል?»

ጉራም ራሱ ሳቀ። ሳቁ አንደበቱን ፈታለት።

«ኤቴሪ... ቃል ሲ... ሲያቅተኝ፣ ሰው ሁሉ ይጨርስልኛል። አንቺ ግን አንድ ቀን ጨ... ጨርሰሽብኝ አታውቂም። ጠ... ጠበቅሽኝ።»

ጽዋዎች ወደ አፍ ሊሄዱ ሲሉ፣ ኤቴሪ በተጣበቀ እጇ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ቆዩ!» አለች። «ድገመው፣ አልጠገብኩም።»

ጉራም ደገመው። ከመጀመሪያውም ረዘመ። ማንም አልተቀመጠም።